ፕሬስ የገባ ሀብ ውስጥ ያለውን ስትረስ ሳይፈቱ በማግኔት መለካት ይቻላል?

ዘንጉ (ጥያቄውን ያነሳው ሰው)

ሰላም ለሁላችሁ። በፕሬስ ስለሚገጠሙ ዕቃዎች የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ዘንጉ ድፍን ነው፤ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር። በላዩ ላይ የጊር ሀብ (መሃሉ ቀዳዳ ያለው የጊሩ እምብርት) በፕሬስ ይገባል። የሀቡ የውጭ ዲያሜትር 100፣ ርዝመቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት ናቸው። ሥዕሉ ዘንጉ ከቀዳዳው በ0.05 ሚሊ ሜትር ይብለጥ ይላል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከተገጠሙት አንዳንዶቹ ጭነት ሲበዛባቸው ዘንጉ ላይ ይዞራሉ። ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም። ፕሬሱ ላይ ሲገቡ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

መፍታት አልፈልግም። በፑለር ካወጣሁት ቀዳዳው ይፋቃል፤ ያ ዕቃ ከዚያ በኋላ እውነቱን አይነግረኝም። በማግኔት መለካት ይቻላል፣ ባርክሃውዘን የሚባል መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። መሣሪያውን ሀቡ ላይ አስቀምጬ ውስጡ ምን ያህል እንደተጨናነቀ በሜጋ ፓስካል ማንበብ እችላለሁ?

---

የላቧ_ልጅ

ይቻላል። ግን መሣሪያው ራሱ ስትረስ (ብረቱ ውስጥ በየካሬ ሚሊ ሜትሩ ያለውን ኃይል) አያነብም። የሚያነበው ብረቱ ለማግኔት የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ከዚያ ላይ ስትረሱን የምታወጣው አንተ ነህ። ይህን ከያዝክ ሌላው ሁሉ ይቀልልሃል።

ብረት ውስጡ በጥቃቅን ክልሎች የተከፋፈለ ነው። ዶሜን ይባላሉ። እያንዳንዱ ዶሜን ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ትንሽ ማግኔት ነው። ከውጭ ማግኔት ስታቀርብለት የዶሜኖቹ ድንበር መንቀሳቀስ ይጀምራል። እንቅስቃሴው ለስላሳ አይደለም። ድንበሩ አንድ ቦታ ይያዛል፤ ኃይሉ ሲበረታበት ዘሎ ያልፋል፤ ትንሽ ሄዶ እንደገና ይያዛል። የሚይዙት በብረቱ ውስጥ ያሉ ካርባይዶች (ጠንካራ የካርቦን ውህድ ቅንጣቶች)፣ የክሪስታሎቹ ጠርዞች እና የአተሞቹ አደራደር የተዛነፈባቸው ቦታዎች ናቸው። እያንዳንዱ ዝላይ አጠገቡ ባለ ኮይል ላይ ትንሽ የቮልቴጅ ምት ይፈጥራል። ምቶቹ ሲደመሩ ጫጫታ ይሆናሉ። ይህን ያገኘው ሃይንሪክ ባርክሃውዘን ነው፤ በ1919 እ.ኤ.አ.።

ስትረስ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ጁል በ1842 ብረት ማግኔት ሲሆን ርዝመቱ በጥቂቱ እንደሚለወጥ አሳይቶ ነበር። ቪላሪ ደግሞ በ1865 ተገላቢጦሹን አገኘ፦ ብረቱን ሲለጥጡት ወይም ሲያምቁት የማግኔት ባሕርይው ይለወጣል። በተለመደው ብረት፣ የማግኔቱ ኃይል መጠነኛ እስከሆነ ድረስ፣ መለጠጥ ዶሜኖቹን ወደ ተለጠጡበት አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል። በዚያ አቅጣጫ ስትለካ ጫጫታው ይጨምራል። ስታምቀው ደግሞ ይደክማል።

የአንተ ሀብ ዙሪያውን ተለጥጦ ነው የተቀመጠው፤ ምክንያቱም ከቀዳዳው የሚበልጥ ዘንግ ገብቶበታል። የውጭ ፊቱ ላይ መሣሪያውን በዙሪያው አቅጣጫ ብታስቀምጥ ምልክቱ ከፍ ማለት አለበት። በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ ብታዞረው ዝቅ ይላል። ይህ ልዩነት ነው የምትፈልገው።

---

ቁጥር_ወዳዱ

ከመለካቱ በፊት ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብን እናስላ። የላሜ ቀመር (የወፍራም ቀለበት ስትረስ የሚሰላበት) ለዚህ ይበቃል፤ ዘንጉ ድፍን፣ ብረቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ደግሞ ቀመሩ ያጥራል።

የመገናኛው ግፊት፦ የብረቱ ኢላስቲክ ሞዱለስ (ለመለጠጥ ያለው እምቢታ) 210,000 ሜጋ ፓስካል ሲባዛ በ0.05፣ ሲካፈል ለ100 (የዘንጉ ዲያሜትር እጥፍ)፣ ሲባዛ በ0.75። ይህ 0.75 የመጣው አንድ ሲቀነስ የሁለቱ ዲያሜትሮች ንጽጽር ካሬ ነው። ውጤቱ 79 ሜጋ ፓስካል ገደማ።

ቀዳዳው ፊት ላይ ዙሪያውን የሚለጥጠው ስትረስ 131 ነው። ውጭ ፊቱ ላይ ግን 52.5 ብቻ ነው። መሣሪያህ የሚያገኘው ይህን ሁለተኛውን ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የውጭው ስትረስ ቀጥ ባለ መንገድ ይሰላል፦ ሞዱለስ ሲባዛ በጥብቀቱ (ዘንጉ ከቀዳዳው በሚበልጥበት መጠን) ሲባዛ በዘንጉ ዲያሜትር፣ ሲካፈል ለሀቡ ዲያሜትር ካሬ። ይህ ማለት አንተ ጋ እያንዳንዱ 0.01 ሚሊ ሜትር ጥብቀት ውጭ ላይ 10.5 ሜጋ ፓስካል ሆኖ ይታያል። የውጩን ካገኘህ ደግሞ በ1.5 አባዛውና የመገናኛው ግፊት ይወጣልሃል።

እንግዲህ መሣሪያህ ደግመህ ስትለካ በ10 ሜጋ ፓስካል የሚወዛወዝ ከሆነ ከ0.01 ሚሊ ሜትር በታች ያለ ልዩነት አያሳይህም። 0.05 የሆነውን ከ0.02 ግን ይለይልሃል። ለአንተ ጥያቄ ያ የሚበቃ ይመስለኛል።

የሀቡ ውፍረትም ለውጥ ያመጣል። የውጭው ዲያሜትር 70 ቢሆን ኖሮ የውጭው ስትረስ 107 ይሆን ነበር። ቀጭን ቀለበት በማግኔት ለመለካት ይመቻል፤ ወፍራም ሀብ ያስቸግራል።

---

የድሮ_መካኒክ

ልጆች፣ የጻፋችሁት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን በጣም አሳስቦኛል፤ ሰው በዚህ ምክንያት ጥሩ ዕቃ ሲጥል፣ መጥፎውን ሲያልፍ አይቻለሁ።

52 ሜጋ ፓስካል ትንሽ ነው። ቶርኖ ላይ የተላጠ ወይም የተሞረደ ፊት ገና ምንም ሳይገባበት ስትረስ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የመቁረጫው ቢላ ደነዝ ከነበረ፣ የግራይንደሩ ድንጋይ ካቃጠለው፣ ፊቱ ላይ መቶዎች ሜጋ ፓስካል ሊቀመጥ ይችላል። አንዳንዴ የሚለጥጥ፣ አንዳንዴ የሚያምቅ። እንዲያውም ባርክሃውዘን ፋብሪካ ውስጥ ብዙ የሚሠራበት የግራይንደር ቃጠሎን ለመፈለግ ነው። እና መሣሪያውን ሀቡ ላይ አስቀምጦ ቁጥር ያነበበ ሰው ያነበበው የፕሬሱን ነው ወይስ የቶርኖውን?

ጥንካሬም አለ። ጠንካራ ማርቴንሳይት (ሞቆ በፍጥነት የቀዘቀዘ ብረት የሚይዘው አወቃቀር) ጫጫታው ዝቅተኛ ነው፤ ድንበሮቹ ብዙ ቦታ ይያዛሉና። ለስላሳው ብረት ከፍተኛ ነው። ስለዚህ አንድ ሀብ ከሌላው ትንሽ ከጠነከረ ንባቡ ስለሚወርድ ላላ ብለህ ታስባለህ። ሀቡ ግን አልላላም።

ዘንጉ፣ ልጄ፣ አንድ ምክር ልስጥህ። ከፕሬሱ በፊት ለካ። ከፕሬሱ በኋላ እዚያው ነጥብ ላይ ለካ። የፕሬሱ ሥራ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው። ሌላው ሁሉ የብረቱ ታሪክ ነው።

---

ዘንጉ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ይህ በትክክል ያልገባኝ ነገር ነበር። የሀቡ የውጭ ፊት ቶርኖ ላይ ተላጥቶ ያለቀ ነው፤ ግራይንደር አልነካውም።

አዲስ የሚገቡትን በፊትና በኋላ መለካት እችላለሁ። ቀድሞ የተገጠሙትንስ ምን ላድርግ? የእነሱ የቀድሞ ንባብ የለኝም። የሚዞሩትም እነሱ ናቸው።

---

የላቧ_ልጅ

ጋሼ ያሉት ላይ የምጨምረው አለ፤ ቀድሞ ለተገጠሙትም ይረዳል።

የባርክሃውዘን ጫጫታ ከጥልቀት አይመጣም። ምቶቹ ከብረቱ ሲወጡ ይደክማሉ፤ ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ይደክማሉ። ለተለመደ ብረት ስናሰላው በ100 ኪሎ ኸርዝ የሚሰማው ከላይ 0.07 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ብቻ ነው። በ1 ኪሎ ኸርዝ 0.7 ይደርሳል። በ10 ኸርዝ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር። የቶርኖው ስትረስ የሚቀመጠው ላይኛው ስስ ንብርብር ላይ ነው። የፕሬሱ ስትረስ ግን በግድግዳው ሙሉ ውፍረት ውስጥ አለ።

ስለዚህ ዝቅ ባለ ድግግሞሽ የሚሠራ ሌላ ማግኔታዊ መለኪያ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው። አራት እግር ያለው መመርመሪያ አለ። ሁለቱ እግሮች ማግኔቱን ያስገባሉ። ሁለቱ በ90 ዲግሪ ተሻግረው ይቀመጡና ያዳምጣሉ። ብረቱ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ከሆነ አዳማጮቹ ምንም አይሰሙም። ስትረስ አንዱን አቅጣጫ ከሌላው ሲያስበልጥ የማግኔቱ መስመር ይጣመምና ምልክት ይወጣል። ምልክቱ የሁለቱን አቅጣጫ ስትረሶች ልዩነት ይከተላል። መመርመሪያውን ስታዞረው ከፍ ዝቅ ይላል፤ በ45 ዲግሪ ላይ ጫፍ ይደርሳል።

የሀቡ ውጭ ፊት ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በዘንጉ አቅጣጫ ያለው ስትረስ ዜሮ አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱ ራሱ የዙሪያው ስትረስ ነው።

የተገጠሙትን በተመለከተ፣ በሜጋ ፓስካል ቁጥር ለመስጠት አትሞክር። ደረጃ ስጣቸው። ከዚያው ዙር የተረፉ ያልተገጠሙ ሀቦች ካሉህ እነሱን ለካ። በመሃላቸው ያለው መበታተን ምን ያህል እንደሆነ ታያለህ። የተገጠመው ንባብ ከዚያ መበታተን በደንብ ካልወጣ ስለ እሱ ምንም መናገር አትችልም። ከወጣ ግን የትኛው በደንብ እንደያዘ፣ የትኛው እንዳልያዘ ቅደም ተከተል ታገኛለህ።

---

ጀማሪው

ይቅርታ፣ ትንሽ ጥያቄ። ዘንጉ ብረት ሆኖ ቀለበቱ አይዝጌ ቢሆንስ? አሉሚኒየምስ?

---

የላቧ_ልጅ

አሉሚኒየም ዶሜን የለውም፤ አይሠራም። ማግኔት የማይስበው አይዝጌ፣ ማለትም ኦስቴናይት የሆነው፣ እንዲሁ አይሠራም። እንዲያውም ይህ ዓይነቱ አይዝጌ በኃይል ሲጎብጥ ከፊሉ ወደ ማርቴንሳይት ሊለወጥና ማግኔት መሳብ ሊጀምር ይችላል። ያኔ የምታየው ምልክት ስትረስ አይደለም፤ የብረቱ ዓይነት መለወጥ ነው። ማግኔት የሚስበው አይዝጌ ከሆነ ግን ራሱን የቻለ መለኪያ ሠርተህለት መሞከር ትችላለህ።

---

ቁጥር_ወዳዱ

ስለ መለኪያ ማስተካከያ ማንም አላነሳም። ምልክቱን ወደ ሜጋ ፓስካል የሚቀይረው ሰንጠረዥ ከየት ይመጣል?

---

የላቧ_ልጅ

ከራስህ ብረት። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰንጠረዥ አይሠራም። አንድ ዓይነት ስም ያለው ብረት እንኳን በሙቀት የተጠናከረበት መንገድ ከተለየ ሌላ መስመር ያወጣል።

የተለመደው ከዚያው ብረት ጠፍጣፋ ዘንግ ቆርጦ፣ ስትሬን ጌጅ (መለጠጥን የሚለካ ስስ ተለጣፊ) ለጥፎ፣ አጉብጦ ምልክቱንና ስትሬኑን አብሮ መመዝገብ ነው። ለጠፍጣፋ ዕቃ ይህ ጥሩ ነው። ለሀብ ግን አንድ ጉድለት አለበት። የመመርመሪያው እግሮች ክብ ፊት ላይ ሲቀመጡ በዙሪያው አቅጣጫ ጠርዛቸው ብቻ ይነካል። በዘንጉ አቅጣጫ ሲዞሩ ሙሉ ይቀመጣሉ። በመሃሉ የሚቀረው የአየር ክፍተት ስለሚለያይ ብቻ ሁለቱ ንባቦች ይለያያሉ። ቀለም ወይም ወፍራም ግሪስ ያለበት ፊትም እንዲሁ ያታልላል። እግሮቹን በ50 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ማስሞረድ ለአንዱ አቅጣጫ ይረዳል፤ ለሌላው አይሆንም።

እኔ የምወደው መንገድ ይህ ነው። ከዚያው ብረት ቀለበት ታስላጣለህ፤ ውጩ እንደ ሀቡ 100። ቀዳዳው ግን 1 ለ100 ተዳፋት ይኑረው። ዘንጉም ያንኑ ተዳፋት ይያዝ። ሁለቱን አጽድተህ፣ ስስ ዘይት ቀብተህ፣ በእጅ እስኪያርፍ ታስገባዋለህ። ያ ዜሮህ ነው። ከዚያ በፕሬስ ቀስ ብለህ ትገፋለህ። ዘንጉ 1 ሚሊ ሜትር በገባ ቁጥር ጥብቀቱ 0.01 ይጨምራል። ዳያል ጌጅ ዘንጉ ራስ ላይ አስቀምጠህ መግባቱን ታያለህ። ውጩ ላይ የተለጠፈው ስትሬን ጌጅ በየሚሊ ሜትሩ 50 ማይክሮስትሬን (ከርዝመቱ ሚሊዮን እጅ 50 እጅ መለጠጥ) ገደማ መጨመር አለበት። ከጌጁ ጎን መመርመሪያውን አስቀምጠህ ምልክቱን ትመዘግባለህ። ፊቱ ክብ ነው፣ ብረቱ ያው ነው፣ ስትረሱም ልክ እንደ ሥራው ዙሪያውን ይለጥጣል። የምታገኘው መስመር ለሀቡ በቀጥታ ይሠራል።

መስመሩ ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው እንደማይሄድ አስታውስ። ስትረሱ እየጨመረ ሲሄድ ዶሜኖቹ አብዛኞቹ ተሰልፈው ያልቃሉ፤ ምልክቱ መጨመሩን ያቆማል። አንተ ጋ 52 ስለሆነ እዚያ አትደርስም። ቀዳዳው ፊት ላይ ብረቱ ላይመለስ ከተለጠጠ ግን የላሜ ቀመርም የኢላስቲክ ማስተካከያውም አብረው ይወድቃሉ።

---

ሞተር_ጠምዛዥ

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብልም፣ ይህ ነገር በሌላ በኩል እኛንም ይነካናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ስታተር (የማይዞረው ክፍል) ሞቆ በሰፋ ቤት ውስጥ ሲገባ፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ላሜራውን ዙሪያውን ያምቀዋል። የታመቀ ላሜራ ደግሞ ማግኔትነትን በቀላሉ አይቀበልም። ኪሳራው ይጨምራል፤ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ይሞቃል። እናንተ በማግኔቱ ስትረሱን ትፈልጋላችሁ፤ እኛ ጋ ስትረሱ ማግኔቱን ያበላሽብናል።

---

የድሮ_መካኒክ

ዘንጉ፣ የፕሬሱን ኃይል ትመዘግባለህ? ለሁሉም አንድ ይመስላል ያልከው ስለ ጌጁ ነው?

---

ዘንጉ

አዎ ጋሼ። የፕሬሱ ጌጅ ላይ ከ5 እስከ 6 ቶን ያሳያል፤ በሁሉም ላይ ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ግራ የገባኝ።

---

ቁጥር_ወዳዱ

ከስሌቱ ጋር ይገጥማል። የመገናኛው ስፋት 6,283 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። በ79 ሜጋ ፓስካል ስታባዛው፣ የመፈጋፈግ (ፍሪክሽን) መጠኑን 0.12 ብትይዝ፣ 59 ኪሎ ኒውተን ይወጣል። 6 ቶን ማለት ነው። በዚያ ኃይል የሚይዘው የመዞር አቅም 1.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

ግን ኃይሉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተባዝተው ነው ያሉት፦ ግፊቱና መፈጋፈጉ። ግፊቱ ግማሽ ሆኖ ፊቱ ደረቅ ከነበረና ብረት ብረትን ከቧጠጠ ያው 6 ቶን ሊወጣ ይችላል። ጌጁ ለሁለቱ ልዩነት የለውም። በማግኔት የምትለካው ግፊቱን ለብቻው ስለሚያሳይህ ነው ዋጋ ያለው። ሁለቱን አብረህ ከያዝክ መፈጋፈጉን ራሱ ማውጣት ትችላለህ።

አንድ ሌላ ቅናሽም አትርሳ። የሁለቱ ፊቶች ሸካራነት ሲገባ ይደፈጠጣል። ዲአይኤን 7190 የሚባለው ደንብ የሁለቱን ሸካራነት ከፍታ ድምር በ0.8 አባዝተህ ከጥብቀቱ ቀንስ ይላል። እያንዳንዱ ፊት 6 ማይክሮሜትር ቢሆን 0.01 ሚሊ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ያኔ የምትጠብቀው 42 ነው፤ 52 አይደለም።

---

ዘንጉ

የተወሰኑ አዳዲስ ሀቦችን በፊትና በኋላ ለክቼ ተመለስኩ። አራት እግር ያለውን መመርመሪያ ተውሼ ነው የሠራሁት፤ ማስተካከያውን የላቧ ልጅ ባለችው ተዳፋት ቀለበት። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ያ ቀለበት ብቻውን ብዙ አስተምሮኛል።

በፊት የነበረው ንባብ ከሀብ ሀብ በጣም ይለያያል። ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እሱን ሳልቀንስ ብሠራ ኖሮ የፕሬሱ ልዩነት ሙሉ በሙሉ ይጠፋ ነበር። ልዩነቱን ስወስድ ግን አብዛኞቹ ተቀራራቢ ሆኑ። ሸካራነቱ ከተቀነሰ በኋላ የሚጠበቀው አካባቢ ናቸው።

ያልጠበቅኩት ነገር ግን አለ። በሀቡ ርዝመት ሦስት ቦታ ነው የምለካው። ከእነዚህ መሃል ጥቂቶቹ ዘንጉ በገባበት በኩል ዝቅ ይላሉ፤ ወደ ሌላው ጫፍ ከፍ ይላሉ። ሲገቡ የነበረው የፕሬስ ኃይል ግን ከሌሎቹ አይለይም። ምን ማለት ነው?

---

የድሮ_መካኒክ

ቀዳዳው አፉ ላይ ሰፍቷል። ወይ ቶርኖው ላይ የመቁረጫው ዘንግ ረጅም ሆኖ ቢላው መግቢያውና መጨረሻው ላይ እኩል አልቆረጠም፤ ወይ ዘንጉ መግቢያው ላይ በቂ ሰያፍ (ተዳፋት ሆኖ የተላጠ ጠርዝ) ስለሌለው ሲገባ የቀዳዳውን አፍ ልጦታል። የሁለቱ ምልክት ይለያል። የመጀመሪያው ከሆነ ያልገባ ሀብ ላይም ታገኘዋለህ። በቦር ጌጅ (የቀዳዳ ዲያሜትር መለኪያ) ሦስት ጥልቀት ላይ፣ በእያንዳንዱ ጥልቀት ሁለት አቅጣጫ ለካ። ቀዳዳው ትክክል ከሆነ ወደ ዘንጉ ሰያፍ ሂድ፤ ጠርዙን በጣትህ ስትነካው ይቆርጥህ እንደሆነ እይ።

---

ቁጥር_ወዳዱ

ጋሼ ባሉት ላይ ጥንቃቄ ልጨምር። የሀቡ ግድግዳ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ 40 ብቻ። ውስጥ ያለው ልዩነት ውጭ እስኪደርስ ይደበዝዛል። ውጭ ላይ በአፉ በኩል በ10 ሜጋ ፓስካል ዝቅ ብሎ ካየኸው ውስጥ ያለው ክፍተት ከ0.01 ሚሊ ሜትር ይበልጣል ብለህ ጀምር። ጫፉ ላይ የላሜን ቀመር ቀጥታ አትጠቀም።

ከቻልክ የሀቡን ጎን ፊትም ለካ። እዚያ ከቀዳዳው ጠርዝ አጠገብ ዙሪያውን መለጠጥ፣ ወደ መሃል መታመቅ አለ። የሁለቱ ልዩነት ከውጭው ፊት ላይ ካለው በጣም ይበልጣል፤ ወደ መገናኛውም ይቀርባል። አራት እግር ያለው መመርመሪያ ይህን ልዩነት ነው የሚያነበው፤ ትንሽ እግር ያለው ካገኘህ ምልክቱ ይጎላልሃል።

---

ዘንጉ

ያልገቡትን ሀቦች በቦር ጌጅ ለካኋቸው። ቀዳዳቸው ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው። ዘንጎቹን ደግሞ አየሁ፤ የመግቢያው ሰያፍ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ጠርዙም ጥፍር ይይዛል። ሰያፉን ረዘም አድርጌ፣ ጠርዙን አለስልሼ፣ እንደገና በፊትና በኋላ እለካለሁ። ጎን ፊቱንም አብሬ አያለሁ። ለተገጠሙት ደግሞ ደረጃ እየሰጠሁ ነው፤ ዝቅተኛ ያሳዩት ከሥራ ወጥተው ዘንጉ ላይ ይዞሩ እንደሆነ በቶርክ ይፈተናሉ።

---

የላቧ_ልጅ

ከመፈተንህ በፊት የለካህበትን ነጥብ ሀቡ ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፤ አቅጣጫውንም ጭምር። ከቶርክ ፈተናው በኋላ እዚያው ነጥብ ላይ ደግመህ ለካ። የዞረ ሀብ ዙሪያውን የሚለጥጠው ስትረስ ሊቀንስና ንባቡ ሊወርድ ይችላል። የዞረው ወርዶ ያልዞረው ካልወረደ ደረጃህ ትክክል እንደነበር ከሁለት በኩል ታረጋግጣለህ።